«ፍጹም» እና «ፍጻሜ» ምን ያገናኛቸዋል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፐርፌክሽኒዝም የሞት ፍርሃታችንን እንዴት እንደሚያባብስ የሚያትት ጽሑፍ እያሰናዳሁ ነው። «ፍጽምናን ማሳደድ» ብዬዋለሁ፤ ግን ቃሉ ይከነክነኛል። «ፍጹም» እና «ፍጻሜ» ዘመዳሞች አይደሉም እንዴ? ታዲያ ፍጽምናን የሚያሳድድ ሰው ፍጻሜውን ለምን ይፈራል?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር ነካኸው። ሁለቱም የወጡት «ፈጸመ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው። ጨረሰ፣ ከዳር አደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ ፍጹም ከሥሩ ሲታይ ያለቀ፣ ምንም ያልቀረው ነው። የላቲኑ «ፔርፌክቱስ»ም እስከ መጨረሻው የተሠራ ማለት ነው። የግሪኩ «ቴሌዮስ» ደግሞ የመጣው መጨረሻን ከሚያመለክተው «ቴሎስ» ነው።

ዛሬ ግን ፍጹም ስንል እንከን የለሽ ማለታችን ነው። ፍርሃቱም የሚገባው በዚህ በኩል ይመስለኛል። ሥራ ያልቃል። እንከን ግን አያልቅም። ፊት ላይ ሲጠፋ ኑሮ ላይ ይገኛል፤ ኑሮ ሲስተካከል ልጅ አስተዳደግ ላይ ብቅ ይላል። እንዲህ ለሚኖር ሰው ሞት መቼም ቢመጣ ሥራው ሳያልቅ ነው የሚመጣው። ለሞት ያሉንን ቃላት ተመልከቷቸው፦ አረፈ፣ አለፈ፣ ተለየ፣ ተቀጨ። «አረፈ» ውስጥ ድካም አለ፤ ድካሙም አብቅቷል። «ተቀጨ» የምንለው ያለ ዕድሜው ለሄደ ነው። እንከኑን ሲለቅም የኖረ ሰው ግን በ80 ዓመቱም እቀጫለሁ ብሎ ነው የሚሰጋው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ሌላ መልስ፦
እኔ ደግሞ «ፀረ-እርጅና»ን ላንሳ። «ፀር» ጠላት ነው። ፀረ-ተባይ፣ ፀረ-ወባ እንላለን። አሁን እርጅናም እዚያው ተርታ ተሰልፏል። እርጅና ጠላት ከሆነ ሞት ሽንፈት ሆነ ማለት ነው። ሟቹም «ከሕመሙ ጋር ታግሎ ተሸነፈ» ይባልለታል፤ ማንም ያላሸነፈውን ግጥሚያ! ይሄ አነጋገር ለታማሚ ሸክም ነው። ቢቀር ደስ ይለኛል።

መሻሻልን አልጠላም። በ1950 እ.ኤ.አ. አንድ ሕፃን ሲወለድ በአማካይ ይኖራል ተብሎ የሚገመተው ዕድሜ በዓለም ደረጃ 46 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ70 በላይ ነው። ክትባትና ንጹሕ ውኃ ያመጡት ነው። ግን ዕድሜን ማርዘም አንድ ነገር ነው፣ እርጅናን እንደ ነውር ማየት ሌላ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። «እንከን አልባነትን ማሳደድ» ብለው ይሻል ይሆን?

መልስ፦
እኔ ብሆን እሱን እመርጣለሁ። አንድ ነገር ግን ለይ። ሂዊት እና ፍሌት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1991 እ.ኤ.አ. ፐርፌክሽኒዝምን ለሦስት ከፍለውታል፦ ከራስ የሚጠበቅ፣ ከሌላው የሚጠበቅ፣ «ሰው ከእኔ ይጠብቃል» ብሎ ማሰብ። ከራን እና ሂል የተባሉ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ከ1989 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በካናዳና በብሪታንያ የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ የተሰበሰበ መረጃ ሲመረምሩ ሦስቱም ጨምረው አገኙ። ይበልጥ የጨመረው ሦስተኛው ነው። ለጽሑፍህ የሚጠቅምህም እሱ ይመስለኛል። ሰው ምን ይለኛል እያለ የሚኖር፣ ሞትንም እንደ ፈተና ውጤት ነው የሚፈራው።

ሌላ መልስ፦
በ«ማሳደድ» እስማማለሁ፣ አትንካው። የሚሳደድ ነገር የሚሸሽ ነው። «ፍጽምና»ን ግን ለአሮጌ ትርጉሙ ተውለት፤ ጽሑፍህ መጨረሻ አካባቢ ያስፈልግሃል።