ኮሮላዬ ቼክ ኢንጂን አብርታ አልጠፋም አለች፣ ጠዋት ደሞ አትነሳም

የአባይ ማዶ ልጅ፦ ሰላም ወንድሞች እህቶች እርዱኝ እስቲ። መኪናዬ በፈረንጅ የ1994 ኮሮላ ናት፣ ፎር ኤ ኤፍ ኢ ሞተር፣ ማኑዋል። ባለፈው ቅዳሜ ከሐሙሲት ስመለስ ጭቃ በጭቃ ሆና ላቫጆ አስገባኋት፣ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩንም በፕሬዠር አጠቡልኝ፣ በማግስቱ ዳሽቦርዱ ላይ ቼክ ኢንጂን የሚለው መብራት በራ ይሄው እስካሁን አለ። ጠዋት ሞተሪኖ አራት አምስቴ ካልመታሁ አትነሳም፣ ስትነሳም ተንቀጥቅጣ ትጠፋለች፣ ነዳጅ ረገጥ ረገጥ እያረኩ ካሞቅኳት በኋላ ግን ምንም እንዳልነካት ትሄዳለች። አንድ ጋራዥ ሳይነኳት "ኦክሲጅን ሴንሰር ነው ቀይር" አሉኝ፣ ጎረቤቴ ደሞ በጀሪካን የገዛኸው ቤንዚን ነው ይለኛል። እናቴን ሀኪም ቤት የማመላልሰው በሷ ስለሆነ በግምት ብር ማውጣት አልፈልግም።

ቀበሌ 14፦ እኔ ቪትዝ ነው የምነዳው፣ ኢኤልኤም 327 የምትባል ብሉቱዝ አለችኝ፣ መሪው ስር ሰክተህ ኮዱን፣ ማለት ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ቁጥር፣ በስልክ ታነባለህ። ከፈለክ ና ላውስህ።

ጋሼ ካንዴላ፦ አይ ያቺ ለሱ አትሆነውም፣ እሷ የምትሰካበት ባለ 16 ፒኑ ሶኬት የመጣው ከሱ መኪና በኋላ ነው። ስማኝ ልጄ፣ ምንም ሳትገዛ ኮዱን ራስህ አንብብ። ኮፈኑን ክፈት፣ ክዳኑ ላይ ዲያግኖሲስ የሚል ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለ፣ የቀዳዳዎቹ ስም ክዳኑ ውስጥ ተስሏል። ቁልፉ ጠፍቶ እያለ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን በአጭር ሽቦ አገናኝ፣ አደራ ሌላ ቀዳዳ እንዳትነካ ፊውዝ ታቃጥላለህ። ማርሹን ዜሮ አርግ፣ መብራት ቴፑን አጥፋ፣ ከዛ ሞተር ሳታስነሳ ቁልፉን ኦን ብቻ አርገህ የቼክ ኢንጂኑን ብልጭታ ቁጠር። ሳያቋርጥ እኩል እኩል ቶሎ ቶሎ ካለ የተመዘገበ ችግር የለም ማለት ነው። ሁለቴ ብልጭ ብሎ ቆም ካለና አንዴ ከደገመ 21 ነው፣ ጋራዡ ያለህ ኦክሲጅን ሴንሰር እሱ ነው። ቆጥረህ ንገረኝ።

የአባይ ማዶ ልጅ፦ ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ሞከርኩት። ሁለት፣ ቆም ይላል፣ ሁለት፣ ከዛ ረጅም ቆይቶ ይደግማል። ሶስት ጊዜ ቆጠርኩ ያው ነው።

ጋሼ ካንዴላ፦ 22 ነው፣ የውሃ ሙቀት ሴንሰር። የጠዋቱም ችግር በዚሁ ተፈታ፦ ከሴንሰሩ መልክት ሲቋረጥበት ኮምፒውተሩ ውሃው 80 ዲግሪ ደርሷል ብሎ ይይዛል፣ ቀዝቃዛ ሞተር ደሞ ለመነሳት ተጨማሪ ቤንዚን ይፈልጋል፣ ያንን አይሰጠውም። ስትሞቅ ግምቱ ከእውነቱ ጋ ስለሚገጥም ደህና ትሆናለች። ግን አሁንም ሴንሰር አትግዛ! ከታጠበች በኋላ ስለመጣ መጀመሪያ የሴንሰሩን ሶኬት ነቅለህ እይ።

ሽንብጥ፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ በዚህ ተሸውጃለሁ። የሙቀት ሴንሰር ሁለት አለ፣ አንድ ሽቦ ያለው ዳሽቦርዱ ላይ ሙቀት ለሚያሳየው ጌጅ ነው፣ የኮምፒውተሩ ባለ ሁለት ሽቦው ነው። እኔ የጌጁን ገዝቼ ቀይሬ ብሬን በላሁት። ቴስተር ካለህ ኦም ላይ አርገህ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ሴንሰሩን ለካው፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም ከሆነ ደህና ነው። ሲሞቅ መውረድ አለበት፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ200 እስከ 400 ኦም። ምንም ካላነበበልህ ያኔ ቀይር።

የጣና ልጅ (ሴት ነኝ)፦ ለሌሎቻችሁም ልናገር፣ እየነዳችሁ ቼክ ኢንጂኑ ብልጭ ብልጭ ካለና ሞተሩ ከቆራረጠ የሱ አይነት አይደለም። አዲሶቹ ላይ እሱ ሲሊንደር አልቀጣጠል ሲል ነው፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊቲኩን (የጭስ ማጣሪያውን) ያቃጥለዋል፣ ዳር ይዛችሁ አጥፉ።

የአባይ ማዶ ልጅ፦ ይኸው ውጤቱ። ሶኬቱን ስነቅል ውስጡ እርጥብ ነው፣ አንዱ ፒን አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፣ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው የሶኬቱ ጎማ ደሞ የለም። በጥርስ ብሩሽና በኮንታክት ክሊነር አፀዳሁት አደረቅሁት፣ ሴንሰሩን ጠዋት 12 ሰአት ተኩል ላይ ስለካው 2.4 ኪሎ ኦም። ኮዱን እንዴት ላጥፋው?

ጋሼ ካንዴላ፦ ደህና ነው ሴንሰርህ። ቁልፉን አጥፍተህ 15 አምፔር ኢኤፍአይ የሚለውን ፊውዝ ለግማሽ ደቂቃ ንቀል፣ መልሰህ ሰካ። ጎማውን ሳታገኝ ግን ሞተሩን እንዳታሳጥብ።

የአባይ ማዶ ልጅ፦ ዛሬ ጠዋት በአንድ ምት ተነሳች፣ መብራቱም ጠፍቷል። እማዬን አድርሼ አሁን ገባሁ፣ ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ፣ ሽንብጥ አንተም ተባረክ። ጎማውን ከአሮጌ ሶኬት ላይ አወጣልሀለሁ ያለኝ ኤሌክትሪሺያን አለ፣ ከሰአት እሱ ጋ እሄዳለሁ።