እህቴ ሜዲካል ላይ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘባት፣ ቤት ውስጥ ይተላለፋል እንዴ?

ወሎዬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ግን እባካችሁ አንብቡልኝ። ታናሽ እህቴ 23 ዓመቷ ነው፣ ሳውዲ ለመሄድ ፓስፖርቱን ስልጠናውን ሁሉን ጨርሳ ሜዲካል ላይ አንፊት (ለስራው ብቁ አይደለሽም) ተባለች። ምንድነው ብላ ስትጠይቅ የጉበት ቫይረስ አለብሽ ሄፓታይተስ ቢ ፖዘቲቭ ነሽ ብለው ወረቀቷን ሰጥተው ሸኟት፣ ከዚ በኋላ ምን አድርጊ የት ሂጂ ያላት ሰው የለም። ልጅቷ እኮ ምንም አያማትም፣ ትበላለች ትሰራለች አይኗም ቢጫ አይደለም። ቤት ከመጣች ወዲህ ግን ቤቱ ቤት አልሆነም፣ እናቴ የሷን ብርጭቆና ሳህን ለይታ አስቀምጣለች፣ ምሳ ሲቀርብ ለብቻዋ ነው፣ እሷም ገብቷታል አልራበኝም እያለች ጓዳ ትገባለች። ጎረቤት ደሞ የወፍ በሽታ ነው የሌሊት ወፍ በላይዋ ሄዶ ነው ሀኪም አያውቀውም፣ ቅጠል በጥብጦ የሚያጠጣ ሰው አለ እሱ ጋ ውሰዷት ይላል። ደላላው ይሄን ሲሰማ ሌላ ነገር ይዞ መጣ፣ ከደም የሚያጠፋ መድሃኒት አለ ትንሽ ብር ጨምሩ በሁለት ሳምንት ኔጌቲቭ ትሆናለች ሌላ ቦታ አስመረምራታለሁ አለን። እውነት በሳህንና በብርጭቆ ይተላለፋል? ይገድላል? መድሃኒትስ አለው? እጮኛም አላት ለሱ ምን ብላ ትንገረው? የምታውቁ ንገሩኝ ግራ ገብቶኛል።

ላብ_ሰው፦
አይዞሽ እህቴ። ላብራቶሪ ነው የምሰራው፣ እንዲህ አይነት ወረቀት ይዘው የሚመጡ ልጆች በብዛት አያለሁ፣ አብዛኞቹ የውጪ ሜዲካል ባይኖር ኖሮ ጭራሽ የማያውቁት ናቸው።

መጀመሪያ ብርጭቆውን መልሱላት። ሄፓታይተስ ቢ በምግብ በውሃ በሳህን በማንኪያ አይተላለፍም፣ በመጨባበጥ በመተቃቀፍ ጉንጭ በመሳሳም በማስነጠስም አይደለም፣ አብራችሁ ከአንድ ትሪ ብሉ፣ ጉርሻም አጉርሷት። የሚተላለፈው በደም፣ ያለ ኮንዶም በሚደረግ ግንኙነት፣ እና ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ነው። ስለዚ መለየት ያለበት ብርጭቆ ሳይሆን ደም የሚነካው እቃ ነው፣ ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ጥፍር መቁረጫ፣ የጆሮ መብሻ መርፌ የመሳሰሉት። ደም ከፈሰሰ በጓንት ጠርጎ በበረኪና ማጽዳት ነው፣ ምክንያቱም ይሄ ቫይረስ ጠንካራ ነው፣ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ይቆያል፣ ደሙ ደርቆም ቢሆን። እኛ ስራ ላይ በመርፌ ብንወጋ ኤችአይቪ የመያዝ እድላችን ከ1000 ወደ 3 ገደማ ነው፣ ሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። ኤችአይቪን የሚፈራ ሰው ይሄን አለመፍራቱ ሁሌም ይገርመኛል።

ከየት አመጣችው ብላችሁ ደሞ ልጅቷን አታፋጧት። አገራችን ውስጥ ከ100 ሰው ወደ 7 የሚሆነው እንዳለበት ነው ጥናቶች የሚገምቱት። ቫይረሱ በሽታን የማሸነፍ አቅም ያልዳበረበት ሰውነት ውስጥ ነው የሚሰነብተው፣ ጨቅላ ሆኖ የተያዘ ሕፃን ከ10 ዘጠኙ ላይ እድሜ ልክ ይቆያል፣ አዋቂ ሆኖ የተያዘ ሰው ግን ከ100 ከ95 በላዩ በራሱ ያጠፋዋል። ስለዚ ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት የነበረ መሆኑ ነው የሚያመዝነው፣ በወሊድ ወይ በሕፃንነት፣ ወይ እንጥል ስትቆረጥ ወይ ጆሮ ስትበሳ በጋራ ምላጭና መርፌ። የሕፃናቱ ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. አካባቢ ነው፣ እሷ ከዚያ በፊት ነው የተወለደችው። እናታችሁም መመርመር አለባት፣ ወንድም እህትም።

እና አንድ ፖዘቲቭ ወረቀት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከ6 ወር በላይ ከቆየ ነው ክሮኒክ (ስር የሰደደ) የሚባለው፣ ቀጥሎ የጉበት ስራ ምርመራ፣ ቫይራል ሎድ (ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን)፣ አልትራሳውንድ ያስፈልጋታል፣ መድሃኒት ትጀምር አትጀምር የሚወሰነው በነዚህ ነው።

አባ_ሽበቶ፦
ልጆች እናንተ ሁሉን በማሽን ታያላችሁ። እኔ በልጅነቴ አይኔ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ሽንቴ ጠቁሮ ሆስፒታል ሳልረግጥ ቅጠል ጠጥቼ በአስራ ምናምን ቀን ድኛለሁ፣ ዛሬ ስድሳ አልፌ እየጻፍኩላችሁ ነው። አያቶቻችን የሚያውቁትን አትናቁ። ጠበልም ውሰዷት።

ነርስ_ነኝ፦
ጋሼ እድሜ ይስጥዎ፣ ጠበሉን ማንም አይከለክልም፣ መድሃኒቷንና ክትትሏን ሳታቋርጥ እስከሆነ ድረስ። ቅጠሉ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። እርስዎን በልጅነት የያዘዎት የሚመስለኝ ሄፓታይተስ ኤ ነው፣ እሱ በተበከለ ውሃና ምግብ የሚመጣ ነው፣ አገራችን ውስጥ ሳይዘው የሚያድግ ልጅ ጥቂት ነው። ኤ እድሜ ልክ አይቀመጥም፣ ቅጠል ጠጡም አልጠጡም በሳምንታት ውስጥ ይለቃል፣ ምስጋናውን ቅጠሉ ይወስደዋል። ሄፓታይተስ ኢ የሚባልም አለ በውሃ የሚመጣ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ጋምቤላ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ተነስቶ የነበረው እሱ ነው፣ ለብዙው ሰው ቀላል ነው ለነፍሰ ጡር ግን ገዳይ ነው። እኛ አገር ሁሉንም በአንድ ላይ የወፍ በሽታ ስለምንለው ነው ነገሩ የተምታታው። የልጅቷ ቢ ነው፣ ቢጫ ሳያደርጋት ሳያማት ሀያ ሰላሳ ዓመት ዝም ብሎ ጉበቷ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፣ ከዛ አንዳንዱ ሰው ላይ ጉበቱ ጠባሳ እየሆነ ሆድ ውሃ ይቋጥራል ደም ያስታውካል፣ አንዳንዱም ካንሰር ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ብቻ በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት 1.1 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ነው ያወጣው። እኔ የምሰራበት ዋርድ ሆዳቸው ተነፍቶ የሚመጡት በአብዛኛው ጎልማሳ ወንዶች ናቸው፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ፣ ቫይረሱ እንዳለባቸው የሰሙት እዛው አልጋ ላይ ነው።

ቅጠሉ ደሞ ራሱ በጉበት ነው የሚጣራው። ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር በብዛት የታመመ ጉበት ላይ መጨመር ነው፣ ጠጥተው ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሳቸውን ስተው የመጡ አይቻለሁ። ዋግምትና በምላጭ መበጣት ደሞ ጭራሽ፣ የአንዱን ደም ለሌላው ማዳረስ ነው።

አባ_ሽበቶ፦
እሺ ዋግምቱን ተውኩት። ቅጠሉ ላይ ግን አልተስማማንም።

ጅዳ_ነበርኩ፦
ስለ ደላላው እኔ ልንገርሽ እህት። በሁለት ሳምንት ኔጌቲቭ የሚያደርግ መድሃኒት ዓለም ላይ የለም፣ ቢኖር ኖሮ የሚሸጠው ደላላ አይሆንም ነበር። እነሱ የሚሰሩት ሌላ ነው፣ የሌላ ሰው ደም ያሰጣሉ ወይ ወረቀት ያስቀይራሉ። እሺ አለፈች እንበል፣ እዛ ስትደርስ ለኢቃማ (ለመኖሪያ ፈቃድ) እንደገና ትመረመራለች፣ ያኔ ይወጣል፣ ከዛ መመለስ ነው፣ ብድሩ እዚህ ይጠብቃታል። አብራኝ የነበረች ልጅ ላይ ሲደርስ በአይኔ አይቻለሁ፣ ስንት አልቅሳ ነው የሄደችው። ገልፍ አገሮች ለቤት ሰራተኛ በዚህ ጉዳይ አይደራደሩም፣ ልክ ነው ወይ ካልሽኝ ልክ አይመስለኝም፣ ማንም በሳህን ማጠብ ጉበት አልያዘም፣ ግን ህጉ ህግ ነው። ያንን ብር ለምርመራዋ አድርጉት።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
እኔ ራሴ አለብኝ ስለዚ ከራሴ ልናገር። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ደም ልለግስ ብዬ ነው የተነገረኝ። መጀመሪያ የሞትኩ መስሎኝ ነበር፣ አሁን ዓመታት አልፈዋል፣ በቀን አንድ ቴኖፎቪር የሚባል ኪኒን እውጣለሁ፣ በየ6 ወሩ ደምና አልትራሳውንድ፣ እሰራለሁ ልጆች አሉኝ ሁሉም ኔጌቲቭ ናቸው። መድሃኒቱ ቫይረሱን አያጠፋውም፣ ያስተኛዋል፣ ጉበቱም እንዳይጎዳ ያደርጋል። ልብ በሉ፣ ደህና ሆንኩ ብሎ በራስ ማቋረጥ አደገኛ ነው፣ ቫይረሱ ተነስቶ ጉበቱን በአንዴ ሊጥለው ይችላል። ሁሉም ሰው ደሞ መድሃኒት አያስፈልገውም፣ አንዳንዱ ክትትል ብቻ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መመሪያ ግን ከበፊቱ ብዙ ሰው እንዲጀምር ነው የሚለው።

አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፣ ቴኖፎቪር የኤችአይቪ ሰዎችም የሚወስዱት መድሃኒት ነው። አንድ ዘመድ መጥቶ ጠርሙሱን አይቶ ስሙን ጎግል አድርጎ ኤችአይቪ አለበት ብሎ እስከ አዲስ አበባ አዳረሰልኝ። እህትሽ ከጀመረች ቤተሰቡ ይሄን ቀድሞ ይወቅ።

ዲቪ ምናምን ለምታስቡም፣ አሜሪካ ለመግባት ሄፓታይተስ ቢ አይከለክልም። እዚህ ያላችሁ ሐበሾች ደሞ ዶክተራችሁን ጠይቁ፣ ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ተቋም) ከ2023 ጀምሮ 18 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲመረመር ይላል፣ እኛ ደሞ በብዛት ካለበት አገር ነው የመጣነው። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ውስጥ ስለ ስኳርና ደም ግፊት ይወራል ስለዚህ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም።

አወዳዬ፦
ጫትስ? መጠጥስ? ማንም አላነሳም 😅

ነርስ_ነኝ፦
መጠጥ ጭራሽ፣ ጠላም አረቄም ብትሉ፣ ቫይረስና አልኮል ሲገናኙ ጠባሳው ይፈጥናል። ጫት ላይ ደሞ እናንተው ሐረር አካባቢ በተሰራ ጥናት የጉበት ሕመም ከሚቅሙት ላይ በዝቶ ታይቷል፣ ስለዚ ብትተወው ነው የሚሻለው ወንድሜ። ሰው የማያስበው ሌላ ነገር የሻገተ ኦቾሎኒና የሻገተ በርበሬ ነው፣ ሻጋታው የሚያመጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ከሄፓታይተስ ቢ ጋር ሲደመር የጉበት ካንሰር እድልን በጣም ያባዛል። መታጠቡም መቀቀሉም አያወጣውም፣ መጣል ነው።

ወሎዬዋ፦
እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁም። ትላንት ለእናቴ ይሄን ሁሉ አነበብኩላት፣ ብርጭቆውን መልሳለች። እሷም ትመርመር ስላት ግን «እኔ ምን ሆኜ ነው የምመረመረው» ብላ ተቆጣች። ስለ እጮኛዋም ማንም አልመለሰልኝም። እና አዲስ አበባ የት ብንሄድ ይሻላል?

ላብ_ሰው፦
እናትሽን ለብቻዋ ተመርመሪ አትበያት፣ ለልጅቷ አምጥታዋለች የተባለች ይመስላታል። ሁላችንም እንሂድ በይ፣ አንቺም ክንድሽን ስጪ፣ ለነገሩ አንቺም መመርመር አለብሽ። የጣት ጠብታ ደም በቂ ነው፣ ውጤቱ እዛው ነው የሚነገረው። እናትሽ ቢኖርባት እንኳ ሳታውቀው የኖረችው ነው፣ ያኔ ለነፍሰ ጡር ይሄን ማን መረመረ።

እጮኛው ይወቅ። ደብቃ ማግባት አይሆንም፣ ግን የሚያስፈራም ነገር የለውም። ይመርመር፣ ኔጌቲቭ ከሆነና ቀድሞ የመከላከል አቅም ከሌለው ሶስት ክትባት ይወስዳል፣ ዛሬ አንዱን፣ ከወር በኋላ ሁለተኛውን፣ በስድስተኛው ወር ሶስተኛውን፣ እስከዛ ኮንዶም። ከዛ በኋላ እንደማንኛውም ባልና ሚስት ናቸው። ስታረግዝ ለሀኪሟ ከመጀመሪያው ቀን ትንገር፣ ቫይራል ሎዷ ከፍ ያለ ከሆነ በእርግዝናው ወቅት መድሃኒት ይሰጣታል፣ ሕፃኑ ደሞ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ክትባት ማግኘት አለበት፣ የ6 ሳምንቱን ጠብቁ ቢሏችሁ አትስሙ፣ የምትወልድበት ቦታ ክትባቱ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ጡት ማጥባት ትችላለች።

አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሄፓታይተስ ቢ ህክምና ፕሮግራም አለው፣ አገር ውስጥ ልምዱ ያላቸው እነሱ ናቸው። ግን መጀመሪያ ደሴ ሆስፒታል ሂዱና ሪፈር አጽፉ፣ የሜዲካሉንም ወረቀት ያዙ።

ጅዳ_ነበርኩ፦
እኔስ ክትባቱን ዝም ብዬ ሄጄ ልወጋ?

ላብ_ሰው፦
አይ መጀመሪያ ተመርመሪ። ቫይረሱ ካለብሽ ክትባቱ ምንም አያደርግልሽም፣ ብርሽን ነው የምትጨርሺው፣ ተከትቤያለሁ ብለሽም ክትትሉን ትተይዋለሽ።