ለጅቡቲ ባህር የትኛው የውሃ ጫማ ይሻላል? ልጆችም ይዘን ነው የምንሄደው

የሁለት ልጆች እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለገና ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ጅቡቲ ልንሄድ ነው፣ ከድሬዳዋ በባቡር። የእኔ ባህር እስከ ዛሬ ላንጋኖ ነው፤ እዚያ ደግሞ በባዶ እግሬ ገብቼ ነው የምወጣው። አሁን ግን ቀድማን የሄደች የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ «የውሃ ጫማ ሳትይዙ እንዳትሄዱ» ብላኝ ጭንቅ ውስጥ ከተተችኝ።

መርካቶ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። አንዱ ካልሲ የሚመስል ነው፣ ስስ፣ ተጣጥፎ ኪስ የሚገባ፣ ዋጋውም ደህና። ሌላው እንደ ስኒከር ያለ ሆኖ ሶሉ ወፈር ያለ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ነው፣ ዋጋው ግን ከካልሲው እጥፍ በላይ። ልጆቹ ደግሞ ክሮክስ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን እያሉ ነው። ባለቤቴ ይባስ ብሎ «ኮንጎ ገዝተን እንሂድ፣ ምን አነሰው» ይላል፤ ይቀልድ የምሩን ይሁን አልገባኝም።

እቅዳችን አንድ ቀን ኮር አምባዶ፣ አንድ ቀን ሙሻ ደሴት፣ ከተመቸን አሳል ሐይቅ ነው። ልጆቹ 6 እና 10 ዓመታቸው ነው። ለአራት ሰው ጫማ መግዛት ቀላል ወጪ አይደለምና የምታውቁ ካላችሁ ገንዘቤን ሳልበትን ንገሩኝ።

ወደብ ላይ፦

እህቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ናት። እዚሁ ጅቡቲ ነው የምሠራው። አርብ ሲሆን የእኛ ሰው ተሰብስቦ ባህር ይወርዳል፣ እግሩን ይዞ እያነከሰ የሚመለስ እንግዳም አይጠፋም። ወይ በባዶ እግሩ የገባ ነው፣ ወይ በነጠላ ጫማ።

የምትሄዱባቸው ቦታዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ኮር አምባዶ አሸዋ አለው፣ ግን ዙሪያው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ውሃው ውስጥም ድንጋዩ ይቀጥላል። በዚያ ላይ ባህሩ ሲሞላና ሲጎድል አንድ አይደለም። ሞልቶ ያየሽው ቦታ ሲጎድል ውሃው ይሸሽና ለመዋኘት በድንጋይና በጭቃ መሀል በእግር መሄድ ይመጣል። ሙሻ ደግሞ ኮራል ነው፣ ድንጋይ የሚመስል ጠርዘ ስለታም የባህር ፍጥረት። ጀልባው ብዙ ጊዜ ዳር ድረስ ስለማይጠጋ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ውስጥ ትወርጃለሽ፣ ያውም ቦርሳ ይዘሽ፣ ልጅ አዝለሽ፣ የምትረግጪውን ሳታዪ።

ስለዚህ ወፍራም ሶል ያለውን ውሰጂ። ካልሲ መሳዩ ለመዋኛ ገንዳና ለንጹህ አሸዋ ነው። ሱቅ ውስጥ እንዲህ አድርጊ፦ አንድ እጅሽን ጫማው ውስጥ ክተቺና በሌላኛው አውራ ጣትሽ ሶሉን ከሥር ጫን አድርጊው። ጣትሽ ወደ ውስጥ ከተሰማሽ የኮራል ጫፍም እግርሽ ላይ ይሰማሻል፣ ተዪው። ቀጥሎ አፍንጫውን እዪ። የሶሉ ጎማ ወደ ላይ ታጥፎ ጣቶቹን መከለል አለበት፤ ሰው ድንጋይ የሚመታው በአውራ ጣቱ ነውና። ቀዳዳው ውሃ እንዲወጣ ነው፣ ከሌለው ጫማው ውሃ ይዞ ይከብድሻል። ሰፊ ሆኖ ከውስጥ መረብ የሌለው ከሆነ ደግሞ ጠጠር ሲለቅም ይውላል።

ክሮክሱን ለባቡሩና ለሆቴሉ ያድርጉት። ውሃ ውስጥ ከእግር ወልቆ ይንሳፈፋል፣ ልጅ ደግሞ ጫማውን እከተላለሁ ብሎ ወደ ጥልቁ ይሄዳል።

የአሰብ ልጅ፦

ባለቤትሽ አልቀለደም እኮ! አሰብ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ አባቴ ወደቡ ላይ ነበር የሚሠራው። የውሃ ጫማ የሚባል ነገር ሰምተንም አናውቅ፣ የእኛ ጫማ ሺዳ ነበር። ፕላስቲክ ስለሆነ ውሃ አይጠጣም፣ በየክፍተቱ ውሃው ይወጣል፣ ከኋላ በዘለበት ስለሚታሰር አይወልቅም። ከእነዚያ ካልሲ መሳዮች ጋር ካወዳደርሽው ሺዳው ይበልጣል። ኮንጎም ያው ነው። ችግሩ፣ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር የለበሰ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል፣ ረጥቦ ሲውል ደግሞ ጠርዙ ተረከዝ ይልጣል፤ በተላጠው ላይ የጨው ውሃ ሲገባበት ያኔ ጉድ ነው። ትልቅ ሰው ለአንድ ቀን ሊችለው ይችላል፣ ለልጆቹ ግን አልመክርም።

ከጫማው እኩል አረማመዱን ለልጆቹ አሳዪያቸው። አሸዋ ላይ እግር እያነሱ መርገጥ የለም፤ እግርን ከአሸዋው ሳያነሱ እየጎተቱ፣ እየገፉ መሄድ ነው። አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ የሚተኛ ጠፍጣፋ ዓሣ አለ፣ ጭራው ላይ መርዛም እሾህ ያለው። እግርሽ ጎኑን ሲነካው ሸሽቶ ይሄዳል፣ ከላይ ከረገጥሽው ግን ይወጋል። ምንም ዓይነት የውሃ ጫማ እሱን አያስቆመውም፣ በጎን በኩል ይበሳዋል።

ድንጋይ ያለበት ቦታ ደግሞ የባህር ጃርት አለ። ጥቁር ነው፣ እሾሁ ረጅም፣ ስንጥቅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ወፍራም ሶል ለእሱ ጥሩ ነው፣ ግን ሰው ብዙ ጊዜ የሚወጋው ሲረግጥ ሳይሆን ሚዛኑን ስቶ በእጁ ድንጋዩን ሲይዝ ነው። ድንጋይ መስሎ የሚተኛ ዓሣም አለ፣ ስቶንፊሽ ይሉታል፣ የጀርባው እሾህ ስስ ሶል በስቶ ይገባል።

አይበለውና አንዱ ከተወጋ፣ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ቆዳ የማያቃጥል፣ እስከ 45 ዲግሪ የሚደርስ፣ መጀመሪያ ደህናው ሰው በራሱ እጅ ይሞክረው። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆይ። የእነዚህ ዓሦች መርዝ ሙቀት አይወድም፣ ሕመሙ ጋብ ይላል። ከዚያ ሐኪም ቤት ነው፣ ስቶንፊሽ ከሆነ ደግሞ ውሃውን እየያዛችሁ መንገድ ላይ ሁኑ። የተሰበረ የጃርት እሾህ በመርፌ መቆፈር የለም፣ እየተሰባበረ ይብሳል። ቁስሉ ላይ ሽንት ይሸናበት የሚሉትን ወሬ እርሱት።

ከዱባይ፦

ስለ ቁጥሩ እኔ ልበል። ልጆቹ ላይ «ለከርሞ ይደርስበታል» ብለሽ ትልቅ እንዳትገዢ! እናቶቻችን በትምህርት ቤት ጫማ የለመዱትን እዚህ ከሠራሽው ዋጋ የለውም። የውሃ ጫማ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሱቅ ውስጥ በደረቁ ልክ የነበረው ባህር ውስጥ ላላ ይላል። በደረቁ ያዝ የሚያደርግ፣ ግን ጣት የማያጣጥፍ መሆን አለበት። ተረከዙን ከኋላ ይዘሽ ወደ ታች ሳቢው፤ ከተንሸራተተ ውድቅ ነው። ከላይ ማሰሪያ ላስቲክና ማጥበቂያ ካለው ለልጅ በጣም ይረዳል።

ቁጥሩንም አትመኚ፣ የአንዱ ፋብሪካ 32 ከሌላው ጋር አይገናኝም። ልጁን ተረከዙን ግድግዳ አስደግፈሽ ወረቀት ላይ አቁሚው፣ የረጅሙን ጣት ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጊ፣ በሴንቲ ሜትር ለኪ። ማታ ማታ ለኪ፣ እግር ከዋለ በኋላ ትንሽ ያብጣል። ወረቀቱን ይዘሽ ሱቅ ሂጂ፣ ልጆቹን መርካቶ መጎተትም አያስፈልግሽም።

አዲስ አበባ የልጅ ቁጥር ካጣሽ ዱባይ ዘመድ ካለሽ ዲካትሎን የሚባለው የስፖርት ዕቃ መደብር ሄዶ ይግዛና በሰው ይላክልሽ፣ የውሃ ጫማ ከትንሽ ልጅ ጀምሮ አለው። እኔ ፉጃይራ ባህር ስሄድ የምይዘው ከዚያ ነው። እዚህ ዱባይ ጁሜይራ ዳርቻ አሸዋው ለስላሳ ስለሆነ ያለ ጫማ ይሆናል፣ በበጋ አሸዋው እግር ካልጠበሰ በቀር። የፉጃይራው ድንጋይ ግን ቀልድ አያውቅም።

የሁለት ልጆች እናት፦

ተባረኩ! ጋሼ የአሰቡ፣ ባለቤቴ መልስዎን አንብቦ ቤቱን በአንድ እግሩ አቁሞታል፣ ማን ይችለዋል አሁን። ወፍራሙን እገዛለሁ፣ ተቆርጧል። የቀረኝ አሳል ነው። እዚያ መዋኘት ካልሆነ፣ ጨው ላይ ለመሄድ ተራ ስኒከር አይበቃም? እዚያ ሌላ ጫማ መያዝ አለብን?

ቤር ሼባ፦

አሳልን አላየሁትም፣ ግን ሙት ባህር ቅርቤ ነው፣ የጨው ነገር አንድ ነው። ከታች ያለው ጨው ክሪስታል ሆኖ ደርቋል፣ ጠርዙ ስለታም ነው፣ በባዶ እግር የሚገባ ሰው ሁለት እርምጃ ሄዶ ያለቅሳል። ተራ ስኒከር አይሆንም፤ ጨው ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ጫማው እንደ ካርቶን ነው የሚሆነው፣ ስፌቱም ይለቃል። የውሃ ጫማሽን ራሱን ተጠቀሚበት፣ ሌላ አያስፈልግሽም። ግን እዚያው፣ መኪና ሳትገቡ፣ በንጹህ ውሃ እጠቢው። ማታ ሆቴል እንዳትይ። ከዚያ በጥላ ሥር ይድረቅ፣ ፀሐይ ላይ ካሰጣሽው የሶሉ ማጣበቂያ ይለቃል።

ሌላ፣ ከመሄዳችሁ በፊት በነበረው ቀን እግራችሁን አትላጩ፣ የልጆቹንም ጥፍር አትቁረጪ። ትንሽ ጭረት ካለ ያን ጨው ትቀምሱታላችሁ። ልጆቹ ውሃውን እየረጩ እንዳይጫወቱ፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ጣጣ ነው።

ወደብ ላይ፦

ቤር ሼባ ጨርሶታል፣ እኔ የአካባቢውን ልጨምር። አሳል ከባህር ጠለል በታች 155 ሜትር ነው፣ ከአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ እሱ ነው፣ ጨዋማነቱ ከተራ ባህር ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። ውሃው ዳር ነጭ ጨው ተነጥፎ ታገኚያለሽ፣ ጠንካራ ይመስልና አንዳንድ ቦታ ከሥሩ ባዶ ስለሆነ እግር ሰርጎ ይገባል፤ ቁርጭምጭሚት የሚቆርጠው ያ ጠርዝ ነው። ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚደርስ ወፈር ያለ ካልሲ ከጫማው ጋር አድርጉ፣ ቆንጆ አይደለም፣ ግን ይሠራል። የእግር መታጠቢያ ውሃ ከከተማ በጀሪካን ጫኑ፣ በሃይላንድ እታጠባለሁ ካልሽ ኪስሽ ይጎዳል፣ ጅቡቲ ሁሉ ነገር ውድ ነው።

ስለ ኮራሉም አንድ ነገር አለኝ፣ እንግዶች ሲያደርጉት ስለማይ ነው። ጫማ አድርጌያለሁ ብሎ ኮራል ላይ መቆም፣ ፎቶ መነሳት አይገባም። ሕይወት ያለው ነገር ነው። ትልቁ ክብ ኮራል በዓመት ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ብዙም አያድግም፣ አንድ ሰው ረግጦ የሰበረውን ልጆችሽ ትልቅ ሆነው ሲመጡም ተሰብሮ ነው የሚያገኙት። ጫማው ለአሸዋውና ለድንጋዩ ነው፣ ኮራሉ ጋ ስትደርሱ ተንሳፍፋችሁ እለፉ። ቆዳ ከቧጨረ ደግሞ ቶሎ በንጹህ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ የኮራል ጭረት ቶሎ ያመረቅዛል።

በገና ከመጣችሁ ዌል ሻርክ የሚሉት ግዙፍ ዓሣ የሚታይበት ወቅት ነው፣ ከኅዳር እስከ ጥር አርታ በኩል ይመጣሉ። ሰው አይነካም፣ አፉን ከፍቶ የሚውጠው ጥቃቅኑን ነገር ነው። ለዚያ ጉዞ የእግር መቅዘፊያ ይሰጧችኋል፤ ወፍራሙ ጫማ ውስጡ አይገባም፣ በባዶ እግር ወይም በስስ ካልሲ ነው። ጀልባ ከመከራየትሽ በፊት ለ6 ዓመት ልጅ የሚሆን የመንሳፈፊያ ጃኬት እንዳላቸው ጠይቂ፣ ብዙዎቹ የያዙት የትልቅ ሰው ነው።