ያገለገለ ሃይሩፍ ለመግዛት ምክራችሁን እፈልጋለሁ

ሰላም ወገኖች። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ከባለቤቴ ጋር ድንኳንና ወንበር እናከራያለን፤ ለሰርግም ለለቅሶም። ለጭነት የምንከፍለው ትርፋችንን ስለበላው ያገለገለ ቶዮታ ሃይሩፍ ሚኒባስ ለመግዛት ወስነናል። በጀታችን 2 ሚሊዮን ብር ነው። ከዚያ በላይ አቅም የለንም።

የተቸገርኩት ሞተሩ ላይ ነው። አንዱ ደላላ 5ኤል የሚባል ሞተር ያለው አሳየኝ። 3.0 ሊትር ናፍጣ፣ ተርቦ የሌለው፣ የነዳጅ ፖምፓው ሜካኒካል። ዳገት ላይ ይደክማል፤ ግን የሰፈር መካኒክም ይፈታዋል። ሌላው ሞተር 2ኬዲ ነው፤ 2.5 ሊትር፣ ባለ ተርቦ። ጉልበት አለው። ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተሩ ግን ቆሻሻ ነዳጅ አይችልም፣ ሲበላሽም ወጪው ከባድ ነው። የእኔ ልብ ወደ 5ኤሉ አድልቷል። ተሳስቼ ይሆን?

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አላምነውም፤ ወደ ኋላ የሚመልሱት ብዙ ናቸው። ታዲያ የሞተሩን ድካም በምን ልለይ? ጠዋት ሳይሞቅ አስነስቶ ጭሱን ማየት፣ የዘይት ክዳኑን ከፍቶ ትንፋሹን መመልከት ይበቃል? ሻንሲው ተበይዶ በቀለም ተሸፍኖ ከሆነስ? ታክሲ ሆኖ የሠራ መኪና ጨርሶ ይቅርብኝ ትላላችሁ? ሊብሬው ላይ ሕዝብ ማመላለሻ የሚለውንስ ወንበሩን አውጥቼ ዕቃ ልጫንበት?

ደላላው እስከ ቅዳሜ መልስ ይፈልጋል። የነዳችሁትም የጠገናችሁትም እባካችሁ ንገሩኝ።