የወርቅ ናኖ ቅንጣቶቼ ቀይ አልሆን አሉኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ሆኜ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን በኬሚስትሪ እየሠራሁ ነው። የእኛ አካባቢ ላሞች ፋጉሎ ይበላሉ፤ ፋጉሎው ከሻገተ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ወደ ወተቱ ይተላለፋል። ይህን በዓይን በሚታይ የቀለም ለውጥ የሚለይ መመርመሪያ ለመሥራት ነው ልፋቴ። አፕታመር የሚባለው አጭር የዲኤንኤ ገመድ የወርቁን ናኖ ቅንጣቶች (በዓይን የማይታዩ፣ ፈሳሽ ውስጥ የተበተኑ እጅግ ጥቃቅን የወርቅ ብናኞች) ከጨው ይከላከላል። መርዙ ሲገኝ ግን አፕታመሩ ወርቁን ትቶ መርዙን ይይዛል፤ ያኔ ጨው ሲጨመር ቅንጣቶቹ ይጠጋጉና ቀዩ ፈሳሽ ሰማያዊ ይሆናል።

እኔ ግን ገና መነሻው ላይ ተቸግሬያለሁ። ቅንጣቶቹን የሟሟ የወርቅ ውህድ ከሲትሬት (ከሲትሪክ አሲድ ከሚገኝ ውህድ) ጋር በማፍላት ስሠራ የወይን ጠጅ ቀለም (520 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን የሚመጥ) መምጣት ሲገባው ሐምራዊ ይሆንብኛል፣ በማግስቱም ጥቁር ዝቃጭ ከታች አገኛለሁ። ጨው እንኳ ሳልጨምር! አራት ጊዜ ደጋገምኩት። ሲትሬቱን ቀየርኩ፣ በደንብ አማሰልኩ፣ ለውጥ የለም። ወርቁ ደግሞ ውድ ነው፣ የቀረኝም ጥቂት ነው።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ችግሩ ይህ ይሆን? ወይስ ብርጭቆዎቹን በንጉሥ ውሃ (የናይትሪክና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ) ስላላጠብኳቸው? የተጣራው ውሃ ውስጥ ክሎራይድ (ከገበታ ጨው አካላት አንዱ) ቀርቶ እንደሆነስ በምን ልፈትሸው? በደጋ ከተማ የሞከራችሁ ካላችሁ የሲትሬቱንና የወርቁን መጠን ንገሩኝ።