ትኬቴ ከመነሳቴ በፊት ትደርሳለህ ይለኛል፤ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በሰዓት ስሌት ጎበዝ የሆናችሁ እስኪ አግዙኝ፤ ናላዬ ዞሯል።

በጥር ከቶኪዮ ወደ ሎስ አንጀለስ በቀጥታ በረራ እሄዳለሁ። ትኬቱ መነሻ ማክሰኞ 17:00፣ መድረሻ ያው ማክሰኞ 10:00 ይላል። መጀመሪያ የጽሑፍ ስህተት መስሎኝ ነበር። ለካ በመሃል የቀን መለወጫ መስመር አለ። በጥር ቶኪዮ ሎስ አንጀለስን በ17 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ በረራው 10 ሰዓት ነው ማለት ነው። እስከዚህ ልክ ነኝ?

መመለሻው ነው የባሰው። ማክሰኞ 11:00 ተነስቼ ረቡዕ 16:00 እደርሳለሁ። ዝም ብሎ ሲቆጠር 29 ሰዓት! 17ቱን ስቀንስ 12 ይቀራል። ርቀቱ ግን በሁለቱም በኩል ያው 8,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል ብዬ ለ900 ሳካፍለው ወደ 10 ሰዓት ይመጣል። ታዲያ 2ቱ ሰዓት ከየት መጣ? ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ እንዳለ አውቃለሁ። ግን ይህን ያህል ወደኋላ ይጎትታል?

የምጨነቀው ወድጄ አይደለም። በየ12 ሰዓቱ የምወስደው መድኃኒት አለኝ። ቶኪዮ ላይ 08:00 እና 20:00 ነው። ሎስ አንጀለስ ስደርስ 15:00 እና 03:00 ሊሆንብኝ ነው። ሰዓቱን ስለማዛወር ሐኪሜን እጠይቃለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ሒሳቡ ትክክል መሆኑን አንድ ሰው ያረጋግጥልኝ፣ በተለይ የመመለሻውን።