የዶሮ ሾርባዬ ውሃ ውሃ ይላል፣ ምኑ ጋ ነው ያበላሸሁት?

ጉንፋን_ይብቃ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ቤቱ ሙሉ በጉንፋን ወድቋል፣ መጀመሪያ ልጄ ከዛ ባሌ ከዛ እኔ። ትናንት እንደምንም ተነስቼ የዶሮ ሾርባ ልስራ ብዬ ሙሉ ዶሮ ቆራርጬ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኩና እሳቱን ለቅቄበት ሁለት ሰዓት ተንፈቀፈቀ። የወጣው ምን መሰላችሁ፣ መረቁ እጣቢ መስሎ ደፍርሷል፣ ደረቱ ደግሞ ገመድ ነው ቢታኘክ አይዋጥም። ልጄ አንድ ማንኪያ ቀምሳ "እማዬ ይሄ ምንድነው" አለችኝ 😅 እባካችሁ የምታውቁ

ድስት_ጠባቂ፦
እግዜር ይማራችሁ። ጥፋቱ እሳቱ ነው እህቴ። በሀይል ሲፈላ ስቡ ከውሃው ጋር ይመታና ይቀላቀላል፣ ለዛ ነው የደፈረሰው። በቀዝቃዛ ውሃ ጀምሪ፣ ዶሮውን ሁለት ጣት ያህል አልፎ ይሸፍነው፣ ሊፈላ ሲል ግራጫ አረፋ ይወጣል እሱን በጭልፋ እየገፈፍሽ ድፊው፣ ከዛ እሳቱን ቀንሰሽ አንድ አንዴ ብቻ ቡልቅ እያለ ይቆይ፣ ክዳኑንም ገርበብ አድርጊው። ደረቱን ግን እዛው አትርሺው!! ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ውስጥ እያየሽ አውጪው፣ ተርሞሜትር ካለሽ መሀሉ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ በቃ በስሏል፣ ተልትለሽ አስቀምጪና ሲቀርብ ሳህኑ ላይ ጨምሪው። አጥንቱ፣ ክንፉ፣ አንገቱና እግሩ ግን 2 ወይ 3 ሰዓት ይቀቀሉ። የሾርባው ጉልበት እነሱ ጋ ነው ያለው፣ ቆዳውና ጅማቱ ላይ ያለው ኮላጅን ቀስ እያለ ወደ ጄላቲን ይቀየርና መረቁ ከንፈር ላይ ጠበቅ ይላል። ሽንኩርት ካሮት ምናምን የመጨረሻው ሰዓት ላይ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሊወጣ 15 ደቂቃ ሲቀረው። ጨው መጨረሻ ላይ ነው፣ ቀድመሽ ካስተካከልሽው ውሃው እየተነነ ሲሄድ ይበዛብሻል

ተጠራጣሪው፦
የምግብ አሰራሩ ላይ የለሁበትም፣ ግን ሾርባው ጉንፋን ያድናል ብላችሁ እንዳትጠብቁ፣ ቫይረሱ በራሱ ጊዜ ነው የሚሄደው። ባዶ ወሬ ነው ለማለትም አይደለም፣ በ1978 የወጣ ትንሽ ጥናት ላይ ትኩስ የዶሮ ሾርባ የአፍንጫን ንፍጥ ከቀዝቃዛ ውሃ በተሻለ ፈጠን አድርጎ ሲያንቀሳቅስ ታይቷል፣ በ2000 ደግሞ የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሾርባው ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች እንቅስቃሴ ሲቀንስ አይተዋል፣ እሱም ላብራቶሪ ውስጥ እንጂ ሰው ላይ አይደለም። እኔ የምወድለት ሌላ ነገር ነው፣ ጉሮሮ ተዘግቶ ምንም አልበላ ሲል ውሃውንም ጨውንም ትንሽ ፕሮቲንም በአንዴ ያስገባልሻል። ትኩሳቱ አልወርድ ካለ ወይ ትንፋሽ ካጠረ ግን ድስቱን ትታችሁ ሀኪም ቤት

ጉንፋን_ይብቃ፦
ደግሜ ሰራሁት!! መረቁ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ልጄ ሁለተኛ ሳህን ጠየቀች (ካሮቱን ለቅማ አወጣችው እንጂ)። ግን ማታ ፍሪጅ ያስገባሁትን ጠዋት ሳየው ረግቷል፣ ድስቱን ሳንቀሳቅሰው ይርገፈገፋል፣ ላዩ ላይ ቢጫ ስብ ጋግሯል። ተበላሽቶ ነው? ልድፋው?

ድስት_ጠባቂ፦
ኧረ እንዳትደፊው 😂 ጄላቲኑ በደንብ ስለወጣ ነው የረጋው፣ ስታሞቂው ይቀልጣል። ስቡንም በማንኪያ አንሺው፣ ሲቀዘቅዝ ነው የሚቀለው። አንድ ነገር ብቻ፣ በትልቁ ድስት እንዳለ አታስቀምጪ መሀሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ በትናንሽ ዕቃ ከፋፍለሽ ከምድጃ በወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። እኔ አንዴ ደክሞኝ ምድጃው ላይ ትቼው ተኝቼ ጠዋት ክዳኑን ሳነሳው ኮምጥጦ አረፋ ደፍቷል፣ 4 ሊትር መረቅ እያየሁት ደፋሁት። ፍሪጅ ውስጥ 3 ወይ 4 ቀን ነው፣ ከዛ በላይ የምታቆዪው ከሆነ ከመጀመሪያው ፍሪዘር አስገቢው፣ ዕቃውን ግን እስከ አፉ አትሙይው ሲጠጥር ያብጣል

ጉንፋን_ይብቃ፦
ደርሰሽልኛል፣ ልደፋው ድስቱን ይዤ ቆሜ ነበር